የሳሙና መስመር

ሻርጃ። ሦስተኛው ፎቅ። በነሐሴ ወበቅ መስኮቱ አልቦታል፤
ሐኪሟ በዐረብኛ ስታወራ የእኔ አፍ ይከተላታል።
"እጢ" አለች፤ "እጢ" አልኩ። "ኦቫሪ" ስትል፣ "የእንቁላል ቤት"፤
"ባዮማርከር" ስትል ግን ቆምኩ፤ ቃል አጣሁለት።

ምልክት ልበል? ምልክትማ ታውቃለች፤
ሆዷ ሲነፋ ቀሚሷን አስፍታ፣ "ወፈርኩ" ብላ ስቃለች።
አሻራ ልበል? አሻራ እዚህ አገር
የመታወቂያ ነው፤ የኢሚግሬሽን በር።
ጠቋሚስ? ጠቋሚ ነገረኛ ነው፤
ለማዳም ሹክ ብሎ ስንቱን ያስባረረው።

ይመኙሻል ደምለው ጣቷን ታሻሻለች።
ከሮላ ገበያ ጀርባ ዓባያ ትሰፋለች፤
አሥራ አንድ ዓመት፣ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ።
ነጭ ነገር አየሁ ጥፍሯ ሥር ተጣብቆ፤
ሳሙና ነው፣ የጠዋት፣ ጨርቅ ላይ ተፍቆ።

"ይመኙ፣" አልኳት፣ "ከመቀሱ በፊት
ጨርቅ ላይ በሳሙና የምታሰምሪያት፣
መቀሱ የት እንደሚሄድ የምትናገር፣
እሷን ነው የሚፈልጉት፤ ያቺን መስመር።
በደምሽም፣ ከሆድሽ በወጣውም ሥጋ።"
ቀና አለች። ፊቷ ረጋ።
"ሳያሰምር የሚቆርጥ" አለች፣ "ጨርቅ አያውቅም።"
ይህንን ለሐኪሟ አልተረጎምኩም።

ብልቃጡ ላይ "ሰሚራ" ተብሎ ተለጠፈ፤
ደላላ ያወጣው ስም፣ በፓስፖርት ያለፈ።
"ስሜም ዕድሜዬም ውሸት ነው፤ ደሜስ ቢዋሽ?" አለችኝ።
"ደም ደላላ የለውም" አልኳት።
እውነተኛ ዕድሜዋን በጆሮዬ ነገረችኝ፤
ሐኪሟ በእርሳስ ጻፈችው፣ ኮምፒውተሩ እንዳይሰማ።

ከዚያ ሺኒ መጣች፣ የኬረላ ልጅ፣
ክብ ለሴት፣ ሳጥን ለወንድ፣ የምትስል በእጅ።
እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር ለጋብቻ ነው፤
ያን ቀን የቆጠርነው ሌላ ነው።
"እናትሽ?" "ደኅና ናት፤ ወረባቦ፤ ጎመን ትኮተኩታለች።"
"የአባትሽ እህት?" ዝም አለች።
"አክስቴ አሰገደች... ሆዷ ተነፋ፤ 'መድኃኒት አበሏት' ተባለ፤
ጎረቤት ተጣላ፤ ሰው ተማማለ።"
"የአባትሽ እናት?" "ጡቷን በመቀነት አስራ፣
የሕመሟን ስም ሳትጠራ።"
ሁለት ክብ ጠቆረ።

መሀል ላይ ያለው ሳጥን፣ ደምለው፣ ነጭ እንደሆነ ቀረ።
ሰባ ዓመት ያረሰ፣ ጉንፋን እንኳ የማያውቀው።
"በአባትም ይመጣል" አለች ሺኒ።
የታሸገ ደብዳቤ ከእናቱ ተቀብሎ፣
ሳያነበው፣ ሳይታመም፣ ለልጁ አቀብሎ።

በአምስተኛው ሳምንት "ፖዘቲቭ" አለች ሐኪሟ።
ይመኙ መሬት መሬት አየች።
ያ ቃል በእኛ ቀበሌ ስንቱን ሰው ቀብሯል።
"ሌላ ነው፣ ይኼ ሌላ ነው" አልኩ፤ ሐኪሟን ቀደምኳት፤
አስተርጓሚ እንዲህ አያደርግም።

ጂኑን "ብራካ" ይሉታል፤ "በረካ" መስሏት ነበር፤
ጠጋኝ ነው፤ ሴል ሲቀደድ ይሰፋ ነበር።
ለእሷ የደረሳት መርፌ ከአያቷ ጀምሮ ስብር ነው።
እጢውም መርፌ የለውም፤ በአንዲት ክር የተያዘ ነው፤
ኪኒኑ ያቺን ክር ሲበጥስበት መጣፊያ ያጣል፣
ይተረተራል።
"ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ እንሞክራለን" አለች።
"እንሞክራለን" አልኩ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ማታ፣ ክሪኩ ዳር፣ የእንጨት ጀልባዎች ሽንኩርት ሲያራግፉ፣
ስልኳን አፏ ላይ ደቅና
ደማም ላለችው እህቷ፣ ለአትክልት፣ ድምፅ ቀዳች፦
"አቱ፣ እኔን መቀሱ ካለፈብኝ በኋላ ነው ያሰመሩልኝ።
አንቺ ሳይመጣብሽ ሂጂ። ደምሽን ስጪ። ይስመርልሽ።"

ሰማያዊ ምልክቷ በራች፤ ሰምታለች።
"እየጻፈች ነው" ይላል። ጠፋ።
ደግሞ "እየጻፈች ነው"።